የብረት ገበር

ልጅቱ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው ብስክሌት መጠገኛ ሱቄ የገባችው። ከኋላዋ ታናሽ ወንድሟ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጥድፊያ» የሚለው፣ አረንጓዴ ቴላዮ እንደ ጠቦት ጫንቃው ላይ አጋድሞ ተከተላት። ቴላዮ የምንለው የብስክሌቱን አጥንት ነው፤ ጎማው፣ መሪው፣ መቀመጫውና ፔዳሉ ተነቅሎ የሚቀረውን ባዶ አካል።

«ጋሽ ጆሮ፣ እስቲ እየው!» አለ ጥድፊያ ጠረጴዛዬ ላይ እያሳረፈው። «መንታ አይደለም?»

መንታ ነው። አረንጓዴው ያው የአባታቸው ብስክሌት አረንጓዴ ነው። ላይኛው ቧንቧ ላይ፣ ድሮ የድንጋይ አጥር የጫረው ረጅም ጭረት እንኳ በቦታው አለ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ጠርዙ ገና ይቆረቁራል።

«ይህን ማን ጫረው?»

«እኔ» አለች ልጅቱ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «በመቀሴ ጫፍ። ሲመጣ ጥቁር ነበር እኮ። ቀለሙን እሱ ቀባው፣ ጭረቱን እኔ አወጣሁት።»

«ጥቁሩን ስፍቅ ጥፍሬ አለቀ» አለ ጥድፊያ እጁን ዘርግቶ እያሳየኝ። «ግን ተመልከተው፣ የወለደችው እናቱ እንኳ አትለየውም!»

አባታቸውን እኔ አባባ ነው የምላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ መስመር ጠባቂ ነበሩ። ሥራቸው መስማት ነበር። ቀጭን የብረት ዘንግ አላቸው፤ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ከአስፋልቱ በታች የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ ይለያሉ። ሰው ሁሉ በጫጫታው መሃል ሲጣደፍ እሳቸው መንገድ ዳር ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ያየ፣ ጸሎት ላይ ናቸው ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ፤ አሁንም ቢሆን ከጸሎት ብዙ የራቀ ሥራ አይመስለኝም። ጥገናን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ከእሳቸው ግን አንድ ነገር ወስጃለሁ፤ የካቻቪቴውን ጫፍ የሚዞረው ነገር ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የተበላውን ኩሽኔታ በድምፁ ማወቅን። «ጆሮ» የሚለው ቅጽል የወጣልኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን አባባ ይረሳሉ። መጀመሪያ ላይ «እኔም ራሴ ማፍሰስ ጀመርኩ መሰለኝ» ብለው ይቀልዱበት ነበር። በኋላ ቀልዱንም ረሱት። ልጅቱን በሟች እናቷ ስም ይጠሯታል። ጥድፊያን አንዳንዴ «የኔ ጌታ፣ ሰው ፈልገህ ነው?» ይሉታል፤ እሱም «አዎ፣ አንተን» ብሎ ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን ግቢ ይወጣና ሳይመለስ ይቆያል። አንዲት ነገር ብቻ ናት ያልፈሰሰችው። ጠዋት ጠዋት ያንን የተራራ ብስክሌታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በኮረብታው ጠመዝማዛ የአፈር መንገድ እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው አጥር ድረስ ይነዳሉ፤ የአጥሩን ቁልፍ ነቅነቅ አድርገው መዘጋቱን ያረጋግጣሉ፤ ይመለሳሉ። መንገዱን የሚያሳያቸው የለም። እግራቸው ያውቀዋል። ሲመለሱ ቀኑን ሙሉ ሰላማቸው ነው፤ ይበላሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ልጅቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሠራ አጠገቧ ሆነው የወደቀ ቁልፍና መርፌ ይለቅሙላታል።

ታዲያ የዚያ ብስክሌት ቴላዮ ከሥሩ ተሰነጠቀ። አሉሚኒየም ነው፤ ቢበየድ እንኳ ሜዳ ላይ ይችል ይሆናል እንጂ ቁልቁለት ላይ ነፍስ አይጣልበትም። ስንጥቁን ያየሁትም እኔ፣ ለልጅቱ የነገርኳትም እኔ ነኝ። ዕቃውን ሁሉ ፈትቼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ጎማዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ ባዶውን ቴላዮ ጥድፊያ ተሸክሞ አቻ ሊፈልግለት ሄደ።

ብስክሌቱ በቆመ ሰሞን አባባ በእግራቸው ወጡ። በእግር ሲሆን ግን መንገዱን አያውቁትም። ሲፈለጉ ውለው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ፣ ጆሯቸውን አሸዋ ክምር ላይ አስደግፈው ተገኙ። አንድ እግር ጫማቸው አልነበረም።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን እዘጋበታለሁ» አለችኝ ልጅቱ የጭረቱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እያሸች። «በገዛ ቤቱ! ይመጣና "የኔ እመቤት፣ ባክሽ ክፈችልኝ፣ ሰዎች ይጠብቁኛል" ይለኛል። እንደ እስረኛ ይለማመጠኛል። እኔ አልቻልኩም ወንድሜ። ይህን ገጣጥምልኝ። እሱ እንደ ድሮው ወጥቶ ይመለስልኝ እንጂ በሩን ሁለተኛ አልዘጋውም።»

«ዛሬ ይደርሳል አይደል?» አለ ጥድፊያ።

«ስም በከንቱ አይወጣም» አልኩት።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ የምላት ቃል አለችኝ። የማልችለውን አልለምንም፤ የምችለውን አሳየኝ እላለሁ። ያቺን ብዬ ቴላዮውን ገለበጥኩት።

ከታች፣ ቧንቧዎቹ የሚገናኙበት ላይ፣ አግድም የተኛ አጭር ክብ ቤት አለ። እኔ እምብርት ነው የምለው። በውስጡ ኩሽኔታ ይገባል፤ በኩሽኔታው መሃል ዘንግ ያልፋል፤ በዘንጉ ግራና ቀኝ የፔዳሎቹ ክንዶች ይታሰራሉ። ሰው ሲረግጥ ጉልበቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። የአባባ አሮጌ ቴላዮ እምብርቱ ከውስጥ ጥምዝ ጥርስ ነበረው፤ ኩሽኔታው እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ ነበር የሚገባው። በዚህኛው ጣቴን ሰደድኩ። እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ ነው። ጥርስ የሚባል የለም። ኩሽኔታውን ከሳጥኑ አውጥቼ በቀኝ በኩል ባስገባው በግራ በኩል መዳፌ ላይ ዱብ አለ።

«ፈጣን ነው» አለ ጥድፊያ።

እህቱ አልሳቀችም። «ምን ማለት ነው?»

«አይገጥምም ማለት ነው፣ እህቴ።»

«ለክቼዋለሁ እኮ!» ሜትሯን ከአንገቷ መዘዘችና እምብርቱ ላይ ዘረጋችው። «ይኸው፣ ሰባ ሦስት ሚሊ ሜትር። ያኛውም ሰባ ሦስት ነበር። ቁመቱን ለክቻለሁ፣ ወገቡን ለክቻለሁ፣ ይህቺንም ለክቻለሁ። ሰው ስለካ ነው የኖርኩት፣ ተሳስቼ አላውቅም።»

አልተሳሳተችም። ወርዱ ልክ ነው። የማይሆነው ውስጡ ነው። እሷ እንደ ሙያዋ ከላይ ከላይ ለካች፤ የሰው ሆድ ዕቃ የሚለካ ልብስ ሰፊ ደግሞ የት ይገኛል።

«ለዚህኛው የሚሆን የራሱ ኩሽኔታ የለውም?»

«አለው። ጥርስ የለውም፤ ተገፍቶ፣ ተጨንቆ ነው የሚገባው። ግን የሚይዘው ወፍራም ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲለወጥ ክንዶቹ ይለወጣሉ፤ ክንዶቹ ሲለወጡ ሰንሰለቱን የሚጎትተው ጥርስ ይለወጣል፤ የአረጋገጣቸውም ስፋት…»

«ታዲያ የአባዬ የሚባለው ምኑ ቀረ?»

«መቀመጫው» አለ ጥድፊያ።

«አንተ ዝም በል!»

«በሉ አሮጌውን ቴላዮ አምጡልኝ» አልኩ። «ስንጥቁን ጎበዝ በያጅ አሳይቼ፣ ለጊዜው ቤት አካባቢ እንኳ ይነዱበት እንደሆነ…»

ጥድፊያ ማጅራቱን አከከ። እህቱ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ። የት አደረስከው?»

«አባዬ ዕቃ ቤቱን እንደሚበረብር ታውቂ የለም? ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ የቱ ነው የኔ ብሎ ይረበሻል ብዬ ነው እኮ።»

«የት አደረስከው ነው የምልህ!»

«ቁርጥራጭ ብረት ገዢው ጋ። በመጋዝ ሲቆርጠው ቆሜ አየሁ። አስቀምጦ እንዳይሸጠው ብዬ… ሌላ ሰው ይዞት በደጃችን ሲያልፍ አባዬ እንዳያየው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህኛው ግን የሚለቀምም የለው። ልጅቱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ልጁን ልቆጣው አስቤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ክፋት አይደለም። አባቱ የሚረበሽበትን መንገድ ሁሉ ሲዘጋ፣ መመለሻውንም አብሮ ዘጋው።

«እንግዲያው ይህን እንመልስና ጥርስ ያለው እንፈልግ» አልኩ። ጥድፊያ ለሻጩ ደወለና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው ጠረጴዛው ላይ አደረገው።

«ማሸጊያው አለ?» አለ ሻጩ።

«አለ።»

«ዕቃው እንደነበረ ነው?»

ጥድፊያ እኔን አየኝ። «ትንሽ ቀለም ነክቶታል።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ሙሉውን።»

«ሌላስ?»

«ትንሽ ጭረት።»

ስልኩ ተዘጋ። ጥድፊያ «መስመሩ ተቋረጠ» አለ፤ ማንም አላመነውም፤ እሱም ራሱ።

እኔ ኩሽኔታውን መዳፌ ውስጥ አገላብጣለሁ። ምንም ያልሆነ፣ በጣት ሲያዞሩት እንደ ቅቤ የሚዞር ደህና ኩሽኔታ ነው። የሚገባበት ቤት ብቻ የለውም። ልጅቱ ያንን ሰፊ ቀዳዳ ስታየው ስታየው ቆየችና፣

«ሰፊ ኮት ይጠበብ የለ?» አለች። «ከውስጡ ገበር ብናለብሰውስ?»

«የምን ገበር?»

«የብረት ገበር። ከውጭ ልሙጥ፣ ከውስጥ ጥርስ ያለው።»

ይህን ያህል ዓመት ብስክሌት ስፈታ ኖሬ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። ተነሥተን መንገዱን ተሻግረን ብረት በማሽን ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገባን። ባለ ቶርኖው እያጉረመረመ የሚሠራ ሰው ነው፤ ካላጉረመረመ ሥራውን አልወደደውም ማለት ነው። ቴላዮውን ተቀብሎ ማጉረምረም ጀመረ፤ ደስ አለኝ።

«ከንፈር ላውጣለት?» አለ። «ዳርና ዳሩ ላይ ከንፈር ካልኖረው እየተንሸራተተ ያስቸግራችኋል።»

«ከንፈሩ ወርዱን ይጨምርብናል» አልኩት። «ወርዱ ከጨመረ ረዘም ያለ ዘንግ ይፈልጋል፤ ፔዳሎቹ ይራራቃሉ። ያለ ከንፈር በማጣበቂያ እንሞክረው። ደግሞ አደራ፣ የቀኙ ጥርስ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው።»

«አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» አለና ማሽኑን አስነሣ።

ገበሩ ገባ። ኩሽኔታው በገበሩ ውስጥ እየዞረ፣ እየጠበቀ፣ ልክ ቦታው ላይ ቆመ። ክንዶቹን አሰርኩ፣ ሰንሰለቱን አለበስኩ፣ ጎማዎቹን ከግድግዳው አወረድኩ። ልጅቱ መቀመጫውን በሜትሯ ለክታ በነበረበት ከፍታ አስተካከለች። ቆመን ስናየው የአባባ ብስክሌት ነበር። እኔ በልቤ አመሰገንኩ። ቸኩያለሁ።

አባባን በማግስቱ ጠዋት ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ብስክሌቱን ሲያዩ ክንዷን ለቀቁት። ጭረቱን ዳሰሱ፤ መሪውን ጨበጡ፤ ወደ እኔ ዞረው፣

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «አዘገየህብኝ። ሰዎች ይጠብቁኛል።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

ወጡ። እኔና ጥድፊያ በእግር ተከተልናቸው። ሜዳው ላይ እንደ ውሃ ነው የሄዱት። ጥድፊያ ክንዴን ጨምቆ «አየህ? አየህ አይደል?» ይለኛል። መድኃኒት ቤቱ ጥግ ላይ ዳገቱ ይጀምራል። እግራቸው ሲከብድ ሰማሁት። ጢቅ። ዘገየት ብሎ ደግሞ፣ ጢቅ። ገበሩ በጭነቱ ሥር እየተንሸራተተ ነው። ባለ ቶርኖው ያለው ደረሰ።

አባባ ቆሙ።

«ዝም በሉ!» አሉ። የድሮው የአለቃ ድምፅ ነው፤ ቆሎ እንደተበተነባቸው ወፎች ይንጫጫ የነበረው የመንገዱ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ብስክሌቱን አጋደሙትና ተንበረከኩ፤ ጆሯቸውን አስፋልቱ ላይ አደረጉ። «ያፈሳል። እዚህ ሥር ያፈሳል። ዶማ አምጣ አንተ!»

«አባዬ፣ ብስክሌቱ ነው እኮ የጮኸው» አለ ጥድፊያ።

«የኔ ብስክሌት ጮሆ አያውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ጮሆ አያውቅም። መኪኖች ከኋላችን ተሰለፉ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ሽማግሌው አልጋ አጥቶ ነው?» ቢል ጥድፊያ «አባትህን ጠይቀው!» ብሎ ተንደረደረበት፤ በሸሚዙ ይዤ አስቀረሁት። ዞር ስል አባባ አስፋልቱን በጣታቸው መቆፈር ጀምረዋል። ሌላ ምንም የማደርገው አጣሁ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ጆሮዬን መሬት ላይ አደረግሁ። አስፋልቱ ሞቋል። ከሥሩ ምንም ድምፅ የለም።

«ሰማሁት አባባ» አልኩ። «ያፈሳል። ቆፋሪ እንዲላክ እናገራለሁ።»

«ቶሎ በል። የሰው ውሃ ነው የሚፈስሰው» አሉኝ። ጣታቸው ይደማ ነበር።

በእግር መለስናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ሱቄ መጥታ ገበሩን በመዶሻ አንኳኩቼ ሳወጣ ቆማ አየች። «ከንፈር ይኑረው» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ከንፈር። ምን ያህል ነው የሚራራቀው?»

«በግራ አንድ የጥፍር ውፍረት፣ በቀኝ አንድ የጥፍር ውፍረት።»

«ጥፍር ምን አላት» አለች። «ሱሪ ላይ እንኳ ጥፍር አትታወቅም።»

ሁለተኛው ገበር ከንፈር ይዞ መጣ። ባለ ቶርኖው በዚህኛው አላጉረመረመም። እምብርቱ ውስጥ በጉልበት ተጭኖ፣ በኃይለኛ ማጣበቂያ ተይዞ ገባ። «ይህ ከእንግዲህ አይወጣም» አለን። «እናውጣው ብትሉ እምብርቱን ይዞ ነው የሚወጣው።» ወርዱ ስለጨመረ የአባባ ኩሽኔታ ዘንግ አጠረበት፤ ዘንጉ ረዘም ያለ ሌላ ኩሽኔታ ከመደርደሪያዬ አውርጄ አስገባሁ። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት።

ዳገቱን ራሴ ወጣሁበት። ቆሜ ረገጥኩ፣ ተቀምጬ ረገጥኩ። ዝም ብሏል። ካቻቪቴውን እምብርቱ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ዝም ብሏል። ከዚህ በላይ እኔ የማውቀው ሥራ የለም።

አባባ መጡ። ጭረቱን ዳሰሱ፤ መሪውን ጨበጡ፤ አሁንም «አዘገየህብኝ» አሉኝ። ወጡበት። ልጅቱ ሜትሯን በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ይዛ እስኪወጠር ትስበዋለች። ሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ አንዴ ዞሩት። ረጋ ብለው ደገሙት። በሦስተኛው መርገጥ አቆሙና ዝም ብለው ተንሸራተው እፊታችን መጡ። ወረዱ። መሐረባቸውን አውጥተው መቀመጫውን ጠረጉት፤ መሪውን ጠረጉት፤ ከዚያ ብስክሌቱን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ዕቃ ተቀባይ ሳይሆን እንደ ዕቃ መላሽ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ጥሩ ብስክሌት ነው» አሉኝ። «ባለቤቱ ይፈልገዋል። አደራ፣ ሲመጣ ስጥልኝ።»

«አባዬ፣ ያንተ ነው እኮ!» አለች ልጅቱ። «ጭረቱን እየው። የድንጋዩ አጥር የጫረብህ፣ ከእማዬ ጋር የሳቃችሁበት…»

ጭረቱን አዩት። ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት። ለልጅቱ አዘኑላት መሰለኝ፤ በትሕትና ነው የመለሱላት።

«ጭረቱ የኔ ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ። «እግሩ ግን የኔ አይደለም።»

ጥድፊያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀልድ ይፈልግ ነበር፤ ትከሻው ላይ ታወቀኝ፤ አላገኘም። ልጅቱ እኔን አየችኝ። አንድ ነገር እንድላት ትጠብቃለች፤ ሌላ ከንፈር፣ ሌላ ገበር፣ ሌላ ዘንግ። እኔ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ለሷ መንገር አልፈለግሁም፤ የውሃ ጠባቂ ልጅ ናት፣ ከኔ በፊት ታውቀዋለች። አባባ ክንዳቸውን ለልጃቸው ሰጧትና «እንሂድ፣ ይህ ሰውዬ ሥራ አለበት» አሏት።

ብስክሌቱ ሱቄ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ አለ። ደንበኛ አይቶ «ይሸጣል?» ይለኛል። «ባለቤት አለው» እላለሁ።

አንድ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ያንን የተጠቀለለ ኩሽኔታ ኪሴ ከትቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር፤ ከእሳቸው ብስክሌት ከውስጥ የቀረው እሱ ነው፣ እኔ ጋ አይደር ብዬ ብቻ ነው። በሩ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ ተገጥሟል። የተገጠመው ከውጭ ነው። ከውስጥ ያለውን ሁሉ የአባባ እጅ ይፈታዋል፤ የተደበቀ ቁልፍም ፈልገው ያገኛሉ። ጥድፊያ ጠዋት ሲወጣ ይቀረቅረዋል፤ ማታ ሲመለስ ይከፍተዋል።

«ራስህ ክፈተው ወንድሜ» አለች ልጅቱ ከውስጥ። «እኔ አልደርስበትም።»

ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ በከፊል የተሰፋ ሰማያዊ መጋረጃ ስፌት መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል። አባባ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆመው ዘንጋቸውን ቧንቧው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። ሲያዩኝ «ቆፋሪው መጣ?» አሉኝ። የመድኃኒት ቤቱን ጥግ አልረሱትም። ከሁሉም ነገር ይህን ያዙልኝ።

«መጣ አባባ። ተሠራ።»

«ጎበዝ።»

ኩሽኔታውን ከጨርቁ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ክብደቱን መዘኑት። ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዞሩት። ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠጉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እያዞሩ ብዙ አዳመጡ። ልጅቱ መስፋቷን አቆመች። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ፍለጋው፣ ችኮላው፣ ረገበ። ልጅ ሳለሁ መንገድ ዳር ያየሁት ፊት ነው።

«አያፈስም» አሉ።

«አዎ አባባ። አያፈስም።»

«ምንም አልሆነም እኮ።»

«ምንም አልሆነም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ክፍሉን አዩት፤ መስኮቱን፣ በሩን፣ እኔን። «ደህና ከሆነ ታዲያ» አሉ፣ «እዚህ ምን ያደርጋል?»

ልጅቱ መርፌዋን መጋረጃው ላይ ሰካች። እሳቸው መልስ ሳይጠብቁ መልሰው ጆሯቸው ላይ አድርገው ማዞር ጀመሩ። ትንሽ ተቀመጥኩ። በልቤ የምችለውን አሳየኝ አልኩ፤ ደገምኩት፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኩሽኔታው ለስላሳ መዞር ብቻ ነበር።

ልሄድ ስነሣ ልጅቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ፣

«ወንድሜ» አለች፣ «ከውጭ ቀርቅርልኝ።»

ወጣሁና በሩን ሳብኩት። ጥድፊያ መቀርቀሪያውን ዘይት ቀብቶታል፤ ልኩን ለክቶ፣ ተጠንቅቆ፣ ሳይቸኩል ነው የገጠመው። ገፋ ባደርገው ያለ አንዳች ድምፅ ቤቱ ገብቶ ቆመ።